ኅሊናዬ ካልወቀሰኝ ንጹሕ ነኝ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከብቸና ነው። ክፉና ደጉን የምንለይበት ኅሊና አብሮን የተፈጠረ ነው ወይስ ከአስተዳደግ የመጣ? አብሮን ከተፈጠረስ፣ እሱ ካልወቀሰኝ ኃጢአት የለብኝም ማለት ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድሜ። የመጀመሪያው አያስቸግርም፤ አዎ፣ አብሮን የተፈጠረ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕገ ልቡና ትለዋለች። የጲጥፋራ ሚስት ዮሴፍን ስትይዘው የሙሴ ሕግ ገና አልተሰጠም። «አታመንዝር» የሚል ጽላት አላነበበም። ግን ልብሱን ጥሎላት ሸሸ። ቅዱስ ጳውሎስም ሕግ የሌላቸው አሕዛብ እንኳ የሕጉ ሥራ በልባቸው ተጽፏል ይላል (ሮሜ 2፥14-15)።

ሳይንስ ምን ይላል የምትል ከሆነ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ6 እና የ10 ወር ሕፃናት አንዱ አሻንጉሊት ሽቅብ የሚወጣውን ሲያግዝ ሌላው ሲያደናቅፍ አይተው፣ ከአደናቃፊው ይልቅ አጋዡን መረጡ ብለው ነበር። በ2024 ከ1,000 በላይ ሕፃናት ላይ ሲሞከር ግን ምርጫው አልታየም። እምነትህን አሻንጉሊት ላይ አታቁማት።

ዋናው ጉዳይ ሁለተኛው ነው። የእኛን የጎጃምን ደም መመለስ እይ። ወንድሙ የተገደለበት ሰው የሚያፍረው ይቅር ልበል ሲል ነው። ለቅሶ ላይ አልቃሿ በግጥም ትሸነቁጠዋለች። ጠላ ቤት ገብቶ ቀና ብሎ መቀመጥ ያቅተዋል። ቀን ጠብቆ ሲገድል ግን «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» ብሎ ለጥ ብሎ ይተኛል። ወቃሹ አልሞተም፤ የሚወቅሰው ግን በማይገባው ነገር ነው። ሳውልም (ኋላ ቅዱስ ጳውሎስ የተባለው) ክርስቲያኖችን ሲያሳድድ እግዚአብሔርን ያገለገለ መስሎት ነበር። ኋላ እሱው ራሱ ምንም የሚወቅሰኝ ነገር ባይኖር እንኳ በዚህ አልጸድቅም፣ የሚፈርደኝ ጌታ ነው አለ (1ኛ ቆሮ 4፥4)።

ኅሊና ደግሞም ይደነዝዛል። ድንበር የገፋ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤቱን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። በሦስተኛው ዓመት «የአባቴ መሬት ነው» ብሎ ይምላል። የሚገርመው፣ ሲምል ከልቡ ነው።

ስለዚህ ንስሐ አባትህ ዘንድ ስትሄድ የሚከነክንህን ብቻ ይዘህ አትሂድ። «ይሄማ ሁሉም ያደርገዋል» ያልከውንም ንገራቸው። በደም የምትፈላለጉት ሰው ካለ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ሽማግሌ እንዲልኩልህ ለምናቸው።