ስለ አየር ብናኝ ጠይቁኝ፦ የዓመታት ቁጥር እንዴት ይነበባል?

ሥራዬ የአየር ብናኝ መረጃ ማገላበጥ ነው። የአንድ አገር አየር እየተሻለ ነው ወይስ እየባሰ የሚለው ላይ ብዙ ጥያቄ ስለመጣ፣ የሚመሳሰሉትን ሰብስቤ እመልሳለሁ።

ፒኤም 2.5 ምንድን ነው?

ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኝ ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮሜትር ገደማ ነውና ትንሽነቱን ገምቱት። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው መመሪያ ዓመታዊ አማካዩ በሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚያ በፊት 10 ነበር።

አምና የአገሪቱ አማካይ ቀንሷል። ደስ ይበለን?

ወንድሜ፣ አትቸኩል። ምናልባት ዝናቡ በዝቶ ነው። ዝናብ ብናኝ ያጥባል፣ ነፋስ ይበትናል። በቀዝቃዛ ወቅት ደግሞ ሞቃት አየር ከላይ ሆኖ ቀዝቃዛውን እንደ ክዳን ይዘጋበታል፤ ጭሱም መሬት ላይ ይከማቻል። የመኪናና የፋብሪካው ቁጥር ሳይለወጥ አማካዩ ይወጣል፣ ይወርዳል። አሜሪካ ዓመታዊ ደረጃዋን በ3 ዓመት አማካይ የምትመዝነው ያለ ነገር አይደለም። ከ2020 የሚጀምር ግራፍ ካያችሁማ ተጠራጠሩ። ያኔ ግማሽ ዓለም ቤቱ ተቀምጦ ነበር።

ሌላም አለ። ጣቢያዎቹ ያው ናቸው ወይ? አዲስ መለኪያ ንጹሕ ገጠር ውስጥ ከተተከለ፣ አንድም ጭስ ሳይቀንስ የአገሩ አማካይ ይወርዳል። እኔ መጀመሪያ የማየው ከመነሻው እስከ መጨረሻው የቆዩትን ጣቢያዎች ብቻ ነው።

ጣቢያ የሌለበት ቦታስ?

ሳተላይት አለ። በ1999 የመጠቀችው ቴራና በ2002 የተከተለቻት አኳ፣ ብናኝ የፀሐይን ብርሃን ምን ያህል እንደጋረደ ይለካሉ። ግን የሚያዩት ከመሬት እስከ ላይ ያለውን አየር በሙሉ ነው፤ እኛ የምንተነፍሰው የታችኛውን ነው። በደመና ቀን ደግሞ ምንም አያዩም። ስለዚህ ቁጥሩ ከመሬት ጣቢያዎች ጋር ተመሳክሮ ይታረማል።

በእውነት የቀነሰበት አገር አለ?

አለ እንጂ! ቻይና በ2013 ሰፊ ዕቅድ አወጣች። የድንጋይ ከሰል ማሞቂያዎች በጋዝ ተተኩ፣ የኃይል ማመንጫዎች ጭስ ተጣራ። የቤጂንግ ዓመታዊ አማካይ በ2013 ወደ 90 ማይክሮግራም ይጠጋ ነበር፤ በ2021 ወደ 33 ወርዷል። አሁንም ከመመሪያው 6 እጥፍ በላይ ነው፣ ለውጡ ግን የአየር ጠባይ ያመጣው ብቻ አይደለም።

ለእኔ ይበልጥ የምትገርመኝ አሜሪካ ናት። በምሥራቁ ክፍል የኃይል ማመንጫዎች የሚለቁት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ አየር ላይ ወደ ብናኝ የሚለወጠው ጋዝ፣ ሲቀንስ፣ ድሮ በሞቃቱ ወቅት የሚታየው የብናኝ ከፍታ ሟሸሸ። በምዕራቡ ደግሞ የሰደድ እሳት ጭስ የተገኘውን መሻሻል መልሶ እየበላው ነው። ሁለቱን ደምራችሁ አንድ አማካይ ብታወጡ ይሄ ሁሉ ይጠፋል። የጭስ ቀናት የሚታዩት በየዓመቱ እጅግ የከፉት ቀናት ለብቻ ሲቆጠሩ ነው።

ፋብሪካ የሌለበት አካባቢ ለምን ይቆሽሻል?

የበረሃ አቧራ፣ የማገዶ ጭስ፣ የእርሻ ቃጠሎ። ከማዳበሪያና ከከብት ፍግ የሚወጣው አሞንያም ከሌሎች ጋዞች ጋር ተዋህዶ አየር ላይ ብናኝ ይሆናል።

ርካሽ መለኪያ ገዛሁ፤ ሌሊት ቁጥሩ ይሰቀላል። ልመነው?

በከፊል። እርጥበት ሲበዛ ብናኙ ውሃ ስቦ ያብጣል፤ በብርሃን የሚለካው መሣሪያም አብዝቶ ያነባል። የእርጥበቱን መጠንም አብረህ መዝግብ፤ የሚቻል ከሆነ ለጥቂት ሳምንት ከዋና ጣቢያ አጠገብ አስቀምጠህ አስተያየው።