አንድ መተንፈሻ ማሽን፣ ሁለት ሕሙማን

ጥያቄ፦ አንድ መተንፈሻ ማሽን ብቻ ቀርቶ ለሁለት በሽተኞች ቢያስፈልግ፣ ቀድሞ ለመጣው መስጠት አይሻልም? ወረፋ እኮ አያዳላም። በዕጣ ይሁን የሚሉም አሉ፤ ይህ በሰው ነፍስ መቆመር አይደለም?

መልስ፦ ወረፋም ያዳላል። ቀድሞ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ለሆስፒታሉ የቀረበ፣ መኪና ያለው ወይም የት መሄድ እንዳለበት የሚነግረው ዘመድ ያለው ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ማሽኑን ቢያገኝ የመትረፍ ተስፋው ነው። ለዚህ «ሶፋ» የሚባል የነጥብ አሰጣጥ አለ። ሳንባ፣ የደም ዝውውር፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ አንጎልና የደም መርጋት እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 4 ያገኛሉ፤ ድምሩ እስከ 24 ይደርሳል፣ ከፍ ባለ ቁጥር ሕመሙ ከባድ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ቁጥሩ እንደ ፈተና ውጤት ሲታይ ነው። በ9 እና በ10 መካከል ሰው አይመረጥም፤ ነጥቡ የተቀመረው የሕመምን ክብደት ለመግለጽ እንጂ የአንድን ሰው ሞት ለመተንበይ አይደለም። ለዓመታት ኩላሊቱን የታመመ ሰው፣ ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ከ5 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ካለፈ፣ የዛሬው ሕመሙ ሌላ ሆኖ ሳለ 4 ነጥብ ተሸክሞ ይገባል። ስለዚህ ሕሙማንን በሁለት ሦስት ሰፋፊ እርከኖች መድቦ በአንድ እርከን ያሉትን እኩል መቁጠር ይሻላል።

ዕጣ የሚወጣው በእነዚህ እኩሎች መካከል ብቻ ነው። የአንዳቸውም አካሚ ያልሆነ ሰው ያወጣዋል፣ ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ሰዓቱ ይመዘገባል። ከላይ ስልክ ቢደወል እንኳ የሚለወጥ ነገር አይኖርም፤ ዋና ጥቅሙም ይኸው ነው።

«ለአገር የሚጠቅመው ይቅደም» የሚለው ሐሳብ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሲያትል የኩላሊት እጥበት ማሽን ሲያጥር፣ 7 አባላት ያሉት ኮሚቴ ገቢን፣ ትዳርን፣ ቤተ ክርስቲያን መሳምን ሳይቀር ይመዝን ነበር። ኮሚቴው የራሱን ቢጤ ይመርጣል ተብሎ ክፉኛ ተተቸ። ጣጣው የቀለለው እ.ኤ.አ. በ1972 መንግሥት የእጥበቱን ወጪ እንዲሸፍን የሚያደርግ ሕግ ሲወጣ ነው።

ማሽኑን ያገኘውም ለዘለቄታው አይይዘውም። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. የ2015 መመሪያ በ48ኛውና በ120ኛው ሰዓት እንደገና ይመዘን ይላል። ዕጣው ያልወጣለት ደግሞ ኦክስጅን በጭንብል፣ ትንፋሽ ማጠርን የሚያስታግስ ሞርፊን በመጠኑ ይሰጠዋል፤ ውሳኔውን ለቤተሰቡ የሚናገረው ሐኪም ነው፣ ተረኛ ነርስ ላይ አይጣልም።