ወንዝ የሚወጣው ዓሣ፣ ሐይቅ የሚቀረው ዓሣና የአንቺ ሥራ

ውድ ጠያቂያችን፣

የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነሽ። ከጣና ነጭ ዓሣ ከፊሉ ለመራባት ወንዝ ሲወጣ ከፊሉ ለምን ሐይቁ ውስጥ እንደሚቀር ማጥናት ትፈልጊያለሽ፤ ቤተሰቦችሽ ግን «ዓሣ ተምረሽ የት ልትቀጠሪ ነው?» እያሉ አስጨንቀውሻል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

አጥማጁ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚላቸው የጣና ላቤኦባርበሶች 15 ያህል ዝርያዎች ናቸው። ከእነዚህ ስምንት ያህሉ ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ሐይቁን በሚቀላቀሉበት ቦታ ይሰበሰቡና ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን ወይም ግልገል ዓባይን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። ዋናው ወንዝ በደለል ደፍርሶ ስለሚወርድ ጥርት ያለ ውኃና ጠጠራማ መሬት ያላቸውን ገባር ጅረቶች ይፈልጋሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ኦክስጅን ያገኛል፤ ደለል ከሸፈነው ግን ታፍኖ ይሞታል። ጫጩቶቹ በኋላ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

የቀሩትስ? «ሐይቅ ውስጥ ይራባሉ» የሚባለው በአብዛኛው ወንዝ ላይ ስላልተገኙ ነው። ይህ እንደ ማስረጃ ደካማ ነው፤ መረቡ የተጣለው በሌላ ወንዝ ወይም በሌላ ሳምንት ከሆነ ዓሣው ሳይታይ ያልፋል። ስለዚህ ብዙ የተጠኑትን ወንዝ ወጪዎች ትተሽ የሚቀሩትን እንድትይዢ አጥብቄ እመክርሻለሁ። አንድ ወጣት ተመራማሪ ስም የሚያተርፈው እዚህ ላይ ነው። ሥራው እጅ ያስነክራል። እንቁላሏ የደረሰ እንስት ሆዷ በቀስታ ሲጫን እንቁላሏ ይፈሳል፤ የጣለች ከሆነ የእንቁላል ከረጢቷ ላልቶና ደም መስሎ ታገኚዋለሽ። ሁለቱንም ዓይነት በተመሳሳይ ወቅት፣ ከወንዝ ርቀሽ፣ በሐይቁ ዳርቻ ካገኘሽ የምትከራከሪበት ነገር ያዝሽ ማለት ነው።

ወደ እንጀራው እንምጣ። ወንዝ የሚወጣ ዓሣ በአንድ ወቅት ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚከማች ለመረብ የተጋለጠ ነው። በሞተር ጀልባ የሚካሄደው የንግድ ማስገር እ.ኤ.አ. በ1986 ከተጀመረ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ውስጥ የላቤኦባርበሱ ምርት ከ70 በመቶ በላይ ማሽቆልቆሉ ተመዝግቧል። በጅረቶቹ ላይ ደግሞ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ እየበተኑ ዓሣ የሚያፈዙ አሉ፤ ርብ ላይም የመስኖ ግድብ ተሠርቷል። ማስገር መቼና የት ይከልከል? ግድቡ የትኛውን ዝርያ ይዘጋል? ሐይቅ ውስጥ የሚራባውን ዓሣ የወንዝ ክልከላ አያድነውም፤ የዳርቻው ደንገልና ረግረግ ሲታረስ ነው የሚጎዳው። ይህን ለይቶ የሚናገር ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ቦታዎቹ ብዙ ናቸው ብዬ አላታልልሽም። የባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል፣ የሰበታው ብሔራዊ ማዕከል፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች ይቀጥራሉ። እዚያ የሚለይሽ ዲግሪው ብቻ አይደለም፤ ስታቲስቲክስ መቻል፣ ካርታ መሥራት፣ ዋና ማወቅና ከአጥማጆች ጋር ተግባብቶ መዋል ነው። አጥማጆቹ የትኛው ዓሣ መቼ እንቁላል እንደሚይዝ ያውቃሉ፤ መጀመሪያ እነሱን ጠይቂ።

ለመመረቂያሽ ፕሮፖዛል ስትጽፊ ጥናቱን በክረምት ብቻ አትገድቢው፤ የሐይቁ ዓሣ መቼ እንደሚራባ ለማወቅ ናሙና ዓመቱን ሙሉ በየወሩ መወሰድ አለበት። ወደ መስክ መውጣት የሚቻልበትን ጊዜና አካባቢ ከአማካሪሽ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ፤ በጀቱ ላይም የጀልባ ነዳጁን ከሁሉ በፊት አስገቢ።