ሽፍታው እስኪቀላ አትጠብቁ

ውድ ልጆቼ፣

በሱሉልታ፣ በሰበታና በለገጣፎ ጤና ጣቢያዎች ሥራ ለጀመራችሁ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ነው የምጽፈው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በቆዳ ሕክምና ነው። የፀሐይ ሽፍታ ደጃችሁ መምጣቱ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ግን «አለርጂ ነው» ወይም «ጭርት ነው» ተብሎ ቅባት ታዞለት ይሄዳል። ይህ ያንገበግበኛል።

የተማራችሁባቸው ፎቶዎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ናቸው። እዚያ ሽፍታው ይቀላል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ጠቆር ይላል፣ ወይም ወደ ሐምራዊና አመድማ ያደላል። አንዳንዴ ቀለሙ ጭራሽ አይለወጥም፤ ያሉት የመርፌ ጭንቅላት የሚያክሉ ጥቃቅን እብጠቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ታካሚዋን ወደ መስኮቱ አስጠጉና ክንዷን ከጎን እዩት። ከዚያ ዳብሱት። ዓይን የሳተውን ጣት ያገኘዋል።

ቀጥሎ ልብሱ የት እንደሚያበቃ እዩ። ጉሊት የምትውል ሴት መጣች እንበል። እጅጌዋን ትሰብስብላችሁ። ሽፍታው በእጇ ጀርባ፣ በክንዷ፣ በጉንጯና ከአንገቷ በታች ባለው ገላጣ ቦታ ወጥቷል? ከአገጯ ሥር፣ ከጆሮዋ ኋላና ከሰዓቷ ማሰሪያ ሥርስ ቆዳው ንጹሕ ነው? እንግዲያው ፀሐይን ጠርጥሩ። እከክ ቢሆን ብዙውን ጊዜ የጣቶቿን መሃል አይምርም ነበር።

«ምች መታኝ» ካለች ዝም ብላችሁ አትለፏት። መቼ ፀሐይ ላይ እንደዋለች፣ ሽፍታው ከስንት ሰዓት በኋላ እንደወጣ ጠይቋት። አንቲባዮቲኮቹን ዶክሲሳይክሊንን ወይም ኮትሪሞክሳዞልን፣ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሆነውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስድ እንደሆነም አጣሩ። ፊት የሚያነጣ ክሬም ትቀባ እንደሆነ ግን ሰው በሌለበት ጠይቋት። ጤናዳም የነካ ወይም ሎሚ የጨመቀ እጅም ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ሊቋጥር፣ ኋላም ሊጠቁር ይችላል።

«ብርድ አገር ነው፣ ፀሐዩ ምን ያደርጋል?» የሚላችሁ አይጠፋም። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የነፋሱ መቀዝቀዝ ጨረሩን አያበርደውም። የፀሐይ ክሬም ዋጋው አይቀመስም፤ በነጠላ፣ በረጅም እጅጌና በሰፊ ባርኔጣ ጀምሩ።

ቀጠሮ የማይሰጠው ነገርም አለ። ሽፍታው በጆሮዋ ጎድጓዳ ላይ ጠባሳ ካስቀረ፣ ወይም የአፍ ቁስል፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የፀጉር መርገፍ ከተከተለው ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ፣ ሊሆን ይችላል። ደም ግፊቷን ለኩ፣ ሽንቷን አስመርምሩና ዘነበወርቅ ወዳለው አለርት ሆስፒታል ሪፈር ጻፉላት። ሪፈሩ ላይ «አለርጂ» ብላችሁ አትለፉት። ሽፍታው የት እንዳለና የት እንደሌለ ጻፉ።