ካይቱና ባሩ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ነው። ከሁለት ወር በፊት በዚሁ ከተማ ከሚሠራ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ 12 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ያገለገለ ካይት፣ ማለትም ነፋስ እየያዘ ሰውን በውኃ ላይ የሚጎትት ሸራ፣ እና ሌላ አምራች የሠራውን መቆጣጠሪያ ባር፣ ማለትም ካይቱ በገመዶች የሚታዘዝበትን የእጅ መያዣ ዘንግ፣ አንድ ላይ ገዛሁ። ሻጩ በቴሌግራም «ባሩ ለዚህ ካይት ይሆናል» ብሎ ጽፎልኛል። ባለፈው ሳምንት ጅቡቲ ወርጄ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ስጠቀምበት ነፋሱ በረታብኝና የአደጋ መልቀቂያውን ከፈትሁ። ካይቱን ከወገቤ መታጠቂያ ጋር የሚያያዘው ቀለበት ተላቀቀ፤ ካይቱ ግን ኃይሉን ሳይጥል እየጎተተ ባሕር ዳርቻው ላይ ጣለኝ፤ ትከሻዬም ተሰበረ። ሻጩ «መልቀቂያው ሠርቷል፤ የቀረው የአምራቹ ጉዳይ ነው» ይላል። ገንዘቤንና የሕክምና ወጪዬን ማስመለስ እችላለሁ? ዕቃውን ወደፊት ለጓደኞቼ ባከራይስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሻጩ «መልቀቂያው ሠርቷል» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ክርክሩን ግን አያበቃውም። ዳኛው በዚህ ስፖርት ልምድ ላይኖረው ስለሚችል፣ ክሱ ከሕጉ በፊት የዕቃውን አሠራር በግልጽ ማስረዳት ይኖርበታል።

በዘመኑ ባለ አራት ገመድ ካይት፣ ከወገብ መታጠቂያው ጋር የሚያያዘው ቀለበት ሲከፈት ተጠቃሚው ከካይቱ ጋር እንደተያያዘ የሚቀረው ሊሽ በሚባለው የደኅንነት ማሰሪያ በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ የፊት ገመዶች በአንዱ ብቻ ነው። ባሩ በዚያ ገመድ ላይ ወደ ካይቱ ይንሸራተታል፤ ካይቱም በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሚያዝ ነፋስ መያዝ ያቅተውና እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ይህ እንዲሆን ባሩ ምንም ሳያግደው በገመዱ ላይ ቢያንስ የካይቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ርዝመት ያህል መንሸራተት መቻል አለበት፤ ለትንሽ ካይት ታስቦ የተሠራ ባር ከዚያ በፊት የሚያቆመው ነገር ካለበት 12 ካሬ ሜትር ያለው ካይት ኃይሉን በከፊል እንደያዘ ይቀራል። ካይቱ ራሱም በአንድ የፊት ገመድ ሲያዝ ኃይሉን እንዲጥል ሆኖ የተሠራ መሆን ይኖርበታል። አንዳንድ የቆዩ ካይቶች ለዚሁ አገልግሎት አምስተኛ ገመድ የሚፈልጉ ሲሆኑ፣ ባለ አራት ገመድ ባር ሲገጠምላቸው መብረሩን ይበራሉ፤ በአደጋ ጊዜ ግን የሚጠበቀውን አያደርጉም። ከዚህም በላይ ሁለቱ የፊት ገመዶች የሚገናኙበት ከፍታ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ ይህም ካይቱ በሚበርበትም ሆነ በሚለቀቅበት ጊዜ ባሕርዩን ይለውጠዋል።

ስለዚህ ለየብቻቸው ምንም እንከን የሌለባቸው ሁለት ዕቃዎች አንድ ላይ ሲሆኑ አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አይኤስኦ 21853 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም የሚመለከተው የመልቀቂያውን ደኅንነትና አፈታተሽ ነው። ሻጩ ባሩ ደረጃውን ያሟላ መሆኑን ቢያስረዳ እንኳ፣ ያስረዳው መልቀቂያው እንደሚከፈት እንጂ የእርስዎ ካይት ከተከፈተ በኋላ ኃይሉን እንደሚጥል አይደለም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2287 መሠረት ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት ባይበቃ፣ ወይም በውሉ በግልጽም ሆነ በዝምታ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት ባይሆን፣ ጉድለት እንዳለበት ይቆጠራል። የእርስዎን ጉዳይ የሚያጠነክረው ካይቱንና ባሩን አንድ ላይ መግዛትዎና ሻጩ እንደሚሆን በጽሑፍ ማረጋገጡ ነው፤ ካይቱን ከአንዱ፣ ባሩን ከሌላው ገዝተው ራስዎ አገጣጥመው ቢሆን ኖሮ ምክሬ የተለየ ይሆን ነበር። ውል በጽሑፍ አለመደረጉ አያስጨንቅዎ፤ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ የቴሌግራም መልእክቱም ሻጩ የገባውን ቃል ለማስረዳት በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የማስለወጥ ወይም ዋጋውን የማስመለስ መብት ቢሰጥም፣ ጥያቄው ከግዢው ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ መቅረብ ስለነበረበት ይህ መንገድ አልፎዎታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ መንገድ ግን ክፍት ነው። ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ያለበት ሲሆን፣ በአንቀጽ 2298 መሠረት ሻጩ ሆን ብሎ ካላሳሳተው በስተቀር ማስታወቂያውን ከሰጠበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱን ያጣል። ሻጩን በቃል ብቻ አነጋግረው ከሆነ በዚህ ሳምንት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡትና በቅጂው ላይ ያስፈርሙት፤ አልፈርምም ካለ በአደራ ደብዳቤ ይላኩለት።

ጉድለቱ አነስተኛ እስካልሆነ ድረስ የሽያጩ ውል ተሰርዞ ዋጋው እንዲመለስ መጠየቅ ይችላሉ። የሕክምና ወጪውን በተመለከተ አንቀጽ 1799 ካሳው ውሉ ባለመፈጸሙ በተለምዶ የሚደርሰውን ጉዳት ያህል እንዲሆን ይደነግጋል፤ ኃይሉን የማይጥል ካይት ሰው ጎትቶ መስበሩ ደግሞ ማንኛውም ይህን ዕቃ የሚሸጥ ሰው አስቀድሞ ሊገምተው የሚገባ ውጤት ነው። አምራቹን በአንቀጽ 2085 መክሰስ በጽንሰ ሐሳብ ይቻላል፤ ነገር ግን ይኸው አንቀጽ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ ለሚችል ጉድለት አምራቹን ነፃ ያደርገዋል፤ ባሩም ለሌላ ካይት የተሠራ በመሆኑ አምራቹ ምን አጠፋ ይባላል? በእኔ አስተያየት በዚህ ገንዘብና ጊዜ አያጥፉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣብዎት ጥያቄ ሊሹን የት እንዳሰሩት ነው። ሊሹ ከደኅንነት ገመዱ ጫፍ ይልቅ ከዋናው ቀለበት ጋር ታስሮ ከነበረ፣ ይህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለዝላይ ትርዒት የሚያደርጉት አስተሳሰር ነው፤ በዚያ ሁኔታ መልቀቂያው ቢከፈትም ካይቱ ኃይሉን አይጥልምና ጉዳቱ ከእርስዎ አድራጎት መጣ ሊባል ይችላል። በዚህ ላይ እውነቱን ለጠበቃዎ ይንገሩ። የማስረዳት ሸክሙ የእርስዎ ስለሆነ ካይቱን፣ ባሩንና ገመዶቹን እንዳሉ ይያዙ፤ አንድ ቋጠሮ እንኳ አይፍቱ፤ ፎቶ ያንሡ፤ ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው በዚህ ስፖርት ሥልጠና ያለው ባለሙያ ሁለቱን ዕቃዎች አይቶ በጽሑፍ አስተያየት እንዲሰጥም ያድርጉ። ከጅቡቲ ሐኪም ያገኙት ማስረጃ በፈረንሳይኛ ከሆነ ሕጋዊ ትርጉም ያስፈልገዋል።

ስለ ማከራየቱ መልሴ አጭር ነው፤ ይህንኑ ዕቃ ጉድለቱን እያወቁ ቢያከራዩ ሻጩ ዛሬ በቆመበት ቦታ እርስዎ ይቆማሉ፤ ያውም ሳያውቅ ቀርቷል የሚባልልዎት ምክንያት ሳይኖር።

አደጋው ጅቡቲ ላይ መድረሱ በሻጩ ላይ ለሚያቀርቡት ክስ ችግር አይሆንም፤ ውሉ የተደረገውም ሻጩ የሚኖረውም ድሬዳዋ ስለሆነ፣ ለማስጠንቀቂያው መልስ ካላገኙ ክሱን እዚያው በሚያስችለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላሉ።