የጉልበት መርፌ ይሠራል ወይ? ጠይቁኝ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። በዕድሜ ልም አጥንቱ ለሳሳ ጉልበት (ኦስቲዮአርትራይተስ) የሚሰጡ መርፌዎች እንዴት እንደተፈተኑ ስከታተል ቆይቻለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ኮርቲዞን በተወጋች በሦስተኛው ቀን መስገድ ቻለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

መልስ፦ እንኳን ተሻላቸው! ኮርቲዞን (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) ህመምን ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል። ግን ሰው መርፌ ፍለጋ የሚሄደው ህመሙ ሲብስበት ነው፤ የጉልበት ህመም ደግሞ ይነሣል፣ ይተኛል። ምናልባት ባይወጉም ይተኛ ነበር። ይህን ለመለየት ነው ታማሚዎችን በዕጣ ከፍለው ግማሹን መድኃኒት፣ ግማሹን የጨው ውሃ የሚወጉት።

ጥያቄ፦ የጨው ውሃ? ማታለል አይሆንም?

መልስ፦ ቀድሞ ተነግሯቸው፣ ፈርመው ነው የሚገቡት። የሚገርመው፣ የጨው ውሃ ከደረሳቸውም ብዙዎቹ ይሻላቸዋል።

ጥያቄ፦ ከራሴ ደም የሚዘጋጀው ፒአርፒስ? ዋጋው አይቀመስም።

መልስ፦ አውስትራሊያ ውስጥ በ288 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ማን ምን እንደደረሰው እንዳይታወቅ ከሁሉም ደም ቀዱ፤ በሳምንት ልዩነት በድምሩ ሦስት ጊዜ ወጓቸው። ከዓመት በኋላ፣ ከ0 እስከ 10 በሚለካው ህመም ፒአርፒ የደረሳቸው በ2.1፣ የጨው ውሃ የደረሳቸው በ1.8 ቀነሰላቸው። ይህን ልዩነት ጉልበት አያውቀውም። የተሻለ ውጤት ያገኙ ጥናቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ትንንሽ ናቸው። እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም።

ጥያቄ፦ ኮርቲዞን በየሦስት ወሩ ብወጋስ?

መልስ፦ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 140 ሰዎችን በየ12 ሳምንቱ ለ2 ዓመት ወጋ። በህመም ከጨው ውሃው አልተለየም፤ ልም አጥንቱ ግን በ0.21 ሚሊሜትር ሳሳ፣ የጨው ውሃዎቹ በ0.10። እውነቱን ለመናገር፣ ህመሙን የለኩት በየሦስት ወሩ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እፎይታ አምልጧቸው ይሆናል።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ።

መልስ፦ ኮርቲዞን ስኳርን ለጥቂት ቀናት ከፍ ያደርጋል። ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ቶሎ ቶሎ ይለኩ።

ጥያቄ፦ ፊዚዮቴራፒስት ስለሆንክ አይደል መርፌ የምታጣጥለው?

መልስ፦ ብትጠረጥሩኝ አይፈረድባችሁም። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት በአሜሪካ ጦር ሆስፒታሎች 156 ሰዎች ላይ ፊዚዮቴራፒና የኮርቲዞን መርፌ ተወዳድረው፣ ከዓመት በኋላ ፊዚዮቴራፒ የተሻለ ሆነ። ግን እዚያ የጨው ውሃ አልነበረም፤ ሁሉም የደረሰውን ያውቅ ነበር። ፒአርፒን በመዘንኩበት ሚዛን የራሴንም ሙያ ባስቀምጥ ትንሽ ይቀልብኛል።