አሮጌ ፎር ዊል ለያዛችሁ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎችና መልሶች

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ያለንን መኪና ጠብቀን መያዝ ግድ ሆኗል። የሚደርሱኝ ጥያቄዎችም በዝተዋል።

«2003 ሞዴል ራቭ ፎር አለኝ። የፊት ጎማዎቹ ስላለቁ በአዲስ ቀየርኳቸው፤ የኋላዎቹ ግማሽ ድረስ ሄደዋል። ሻጩ ችግር የለውም ብሎኛል።» (አዲስ አበባ)

ችግር አለው። የእርስዎ መኪና ሁልጊዜ የምትሄደው በአራቱም ጎማ ነው፤ ማጥፊያ ቁልፍ የላትም። ያለቀ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከአዲሱ የበለጠ ይሽከረከራል። ይህን ልዩነት የሚሸከሙት የመሃል ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የማርሽ ክፍል) እና አብሮት ያለው ቪስከስ ካፕሊንግ (የፊትና የኋላው ፍጥነት በጣም እንዳይለያይ የሚይዘው ክፍል) ናቸው። ካፕሊንጉ ውስጥ ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ አለ። መታጠፊያ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ቢሠራ ምንም አይሆንም። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ድረስ ያለ እረፍት ሲሠራ ግን ይግላል፤ ውሎ አድሮም ይበላሻል።

ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። ሰፊ ደረቅ አስፋልት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው በዝግታ ይዙሩ። ፍሬን የተያዘ ያህል ከከበዳት ወይም እየነጠረች ከዞረች ካፕሊንጉ ተነክቷል ማለት ነው።

አቅም ከፈቀደ አራቱንም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ጎማ ይቀይሩ። ካልሆነ አዲሶቹን መልሰው ከኋላዎቹ ጋር እኩል ያለቀ ደህና ያገለገለ ጎማ ይፈልጉ። ከዚያ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ከኋላው ጋር ያቀያይሩ።

«መካኒኬ ነዳጅ እንድትቆጥብ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ላውልቅልህ እያለኝ ነው። የእኔም ያው ራቭ ፎር ናት፣ የ2001።» (አዳማ)

በፍጹም እንዳይስማሙ! ይህን ምክር በሰማሁ ቁጥር እበሳጫለሁ። የመሃል ዲፈረንሻል ኃይሉን ወደ ቀለለው ወገን ነው የሚለቀው። ዘንጉ ከወለቀ የኋላው መውጫ ባዶውን ይሽከረከራል፤ የፊት ጎማዎቹን የሚገፋው ካፕሊንጉ ብቻ ይሆናል። ለዚያ አልተሠራም፣ ይቃጠላል። የተቆጠበው ነዳጅ የመለዋወጫውን ዋጋ አይሸፍንም። ይልቅ የጎማውን ንፋስ፣ የአየር ፊልትሮውን፣ ካንዴላውን፣ በደንብ የማይለቅ ፍሬን ካለም እሱን ያስፈትሹ።

«የ1996 ቪታራዬን ወደ ደሴ ስሄድ አስፋልት ላይ 4ኤች (አራቱንም ጎማ የሚያሠራውን ማርሽ) ባስገባ መንገድ አይዝልኝም?»

ደረቅ አስፋልት ላይ አያስገቡ። የእርስዎ መኪና የመሃል ዲፈረንሻል የላትም፤ ፊትና ኋላው ተቆልፎ ስለሚዞር መታጠፊያ ላይ ማርሾቹ ይጨናነቃሉ። ለጭቃና ለኮረኮንች ያቆዩት። ግን ጨርሶም አይርሱት፤ በወር አንዴ ኮረኮንች ላይ ትንሽ ይንዱበት፣ ዘይቱ ይዳረስ።

«ክረምት ላይ ወንዝ ተሻግሬ ነበር። የዲፈረንሻል ዘይት ልቀይር?»

መጀመሪያ ይዩት። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ዛሬውኑ ይቀየር። የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በጎሚኒዎቹ በኩል ውሃ ይስባል። ስለዚህ አየር የሚያስገባው መተንፈሻ በጭቃ አለመደፈኑንም ያሳዩ። ወንዝ ባይሻገሩም በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ቢቀየር ጥሩ ነው። የሞተር ዘይት የሚቀይር ሁሉ ይህን ይረሳዋል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ መካኒኩ ዘይቱን ከማፍሰሱ በፊት የመሙያውን ቡሎን ይፍታ። ዘይቱ ፈሶ ካለቀ በኋላ የመሙያው ቡሎን አልፈታ ካለ መኪናዋ እዚያው ቀረች።

«2004 ሱባሩ ፎሬስተር፣ 2.5 ሊትር፣ 130,000 ማይል። እዚህ በረዶ ስላለ ልገዛ አስቤያለሁ።» (ዴንቨር)

ለበረዶ ጥሩ መኪና ናት። ሆኖም ይህ ሞተር በሄድ ጋስኬት (በሞተሩ አካልና በራሱ መካከል ያለው ማሸጊያ) መበላሸት ይታወቃል። ሞተሩ ከጋለ በኋላ ከስር ገብተው በሁለቱም ጎን የዘይት ወይም የኩላንት እርጥበት ይፈልጉ። ታይሚንግ ቤልቱ (የቫልቮቹን ሥራ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) በ105,000 ማይል መቀየር ነበረበት። ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል፣ ሞተሩም አለቀለት። የተቀየረበትን ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥረው የሥራውን ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ያስቀንሱ።